የእናቴ መላ ድሬ ላይ እምቢ አለኝ፤ የእናንተስ?

ሰላም የድሬ ልጆች። ጥያቄዬ የጓዳ ነው፤ ወንዶችም ብትመልሱ ደስ ይለኛል።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ለሁሉም ነገር መላ አታጣም። እኔም መላዋን ሁሉ ይዤ በትዳር ወደ ድሬ ወረድኩ። እዚህ ግን ግማሹ እምቢ አለ። ደብረ ብርሃን ሊጥ በጋቢ ተጠቅልሎ ምድጃ ዳር ካላደረ አይነሳም። ድሬ ላይ እንዲያ ከተደረገ ሌሊቱን ክዳኑን ገፍቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። የተረፈው ቢጋገር ጥርስ ያጠርሳል። ባቄላ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ልቡ ድርቅ እንዳለ ነው። ሳሙናው አረፋ አይሰጥም፤ ውሃው ላይ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ይንሳፈፋል። የሻይ በራዱማ ውስጡ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሆኗል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። የወላጅ ምክር ለአገሩ አየርና ውሃ የተለካ ነው። አገር ሲቀየር ምክሩም መቀየር አለበት። እናቶቻችሁ እዚሁ ድሬ ወይም ሐረር ቤት የያዙ፣ ምን አስተማሯችሁ?

ጥያቄው ይኼ ነበር። መልሱ ጎረፈ። አዲስ የምትገቡ ሰዎች ከላይ እስከ ታች እንዳትለፉ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ላውራችሁ። የመሰለኝንም ጣል አደርጋለሁ።

1ኛው መልስ ምክር አልሰጠም። እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ቡና ጋበዘኝና፣ በዚህ ሙቀት እንጀራ እቤት መጋገር ጥጋብ ነው፣ ግዢ ብሎ ሄደ። ብዙ ሰው ወደደለት።

ቁም ነገሩ የተጀመረው ከ2ኛው ነው። ከዚራ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። እናቷ እርሾውን ደጋ ላይ ከሚገባው ግማሽ እንኳ አታደርስም። ሊጡንም ቀን አታቦካም፤ ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ቡሃቃውን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ላዩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል ታደርግበታለች፤ የጨርቁ ጫፍ ሳፋው ውስጥ ይነከራል። ጨርቁ ውሃ እየሳበ ራሱን እያረጠበ ያድራል ማለት ነው። ሊጡ ላይ የሚቀረውን ውሃ ጠዋት ደፍታ በንጹሕ ትተካለች። አብሲቱ አይቀርም፤ ግን አብሲት ከገባ በኋላ ደብረ ብርሃን እንደሚጠበቀው አይጠበቅም። እያየሽ ነው፤ ኩፍ ሲል ወዲያው ምጣድ ጥዶ መጀመር ነው። ሞከርኩት፤ ይሠራል። ለጥያቄዬ ከመጡት ሁሉ ምርጡ ይኼ ነው።

3ኛው ከ2ኛዋ ጋር ተስማማና አንድ ነገር አረመ። ሳፋውና ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ዋናው ግን ላይኛውን ውሃ መቀየሩ ነው አለ፤ ኮምጣጣው ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ጨምሮም እናቱ ጤፉን በማሽላ ትደባልቅ እንደነበር፣ በሐረርጌ ማሽላ ያልነካው እንጀራ የእንግዳ እንጀራ እንደሚባል ነገረን። 4ኛው ደግሞ ማሽላ የገባበት እንጀራ ማታ ይደርቃል ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም አልተረቱም። እኔ እንኳን በ3ኛው ፈረድኩ፤ በትኩሱ ከተበላ ማሽላ ያለበት እንጀራ ምንም አይወጣለትም።

5ኛው አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ ሰው ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፤ ስለዚህ እዚህ ማንም ወሬ ሲጀምር ከባቡር ነው። አባቱ በራዱ ነጭ ለብሶ ሲያዩ ይቆጡ ነበር። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር ቦይለሩ እንዲህ ከለበሰ እሳቱ ውሃውን ማግኘት ያቅተዋል፣ ከሰል በከንቱ ይነዳል ይሉ ነበር። ከሰል የሚገዙት እሳቸው ስለሆኑ ነገሩን በግል ነበር የያዙት። መድኃኒቱ ሎሚ ነው። ሎሚ ጨምቆ፣ ልጣጩን ጭምር ጥሎ፣ ውሃ ሞልቶ ማፍላት፤ ከዚያ አውርዶ ማሳደር። ጠዋት ቅርፊቱ በጣት ይነሳል። አቼቶም ይሆናል፤ ሽታው ግን ሻሂው ላይ ይቆያል።

6ኛዋ መምህርት ናት፤ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም ይዞ ይመጣል አለች። ሳሙና ካልሲየም ሲያገኝ ከእሱ ጋር ይጣበቃል፤ ነጩ ዝቃጭ ያ ነው። ካልሲየሙ እስኪያልቅ አረፋ የለም። ውሃው ሲፈላ ደግሞ ከካልሲየሙ የተወሰነው ይወርድና በራዱ ላይ ይለጠፋል። እንግዲህ ይህን ካወቅን፣ አንዴ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከላይ የተቀዳ ውሃ ከቧንቧው የለሰለሰ ነው ማለት ነው። በዚህ ውሃ ሳሙናም ይቀላል፣ ባቄላም ይቀላል። የእሷ እናት ግን ይህን ሁሉ ሳያውቁ አመድ ነበር የሚጠቀሙት። በርሜል ውሃ ውስጥ እፍኝ የማገዶ አመድ ጥለው ያሳድራሉ፤ ጠዋት የጠራውን ቀድተው ያጥቡበታል። አመዱ ካልሲየሙን ያስወርደዋል። እጅ ግን ይበላል፤ ቀለም ያለው ልብስም አይወደውም።

7ኛው እዚህ ላይ ገባና ነገር አጣመመ። እሱ የሚለው ድሬ ላይ ባቄላ ቶሎ መብሰል አለበት ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ናት፤ ውሃ እዚህ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች 90 እና 91 ላይ ነው የሚፈላው። በዚህ ሒሳብ የእኔ ባቄላ አለመብሰል የኔ ስንፍና ነው ማለቱ ነው። በጨዋ ቋንቋ ነው ያለው፤ ግን ገብቶኛል።

8ኛው ሐረሬ ነው። ሐረር ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ቢጠጋም ባቄላ ቅቤ ሆኖ ይበስላል፤ ውሃችን ጣፋጭ ስለሆነ ነው፣ እናንተ ቆላዎች ግን ኖራ ጠጡ አለ። መሳቁ ነበር፤ ድሬዎች ግን አልሳቁም።

9ኛው ቆረጥ አድርጎ መለሰለት። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከደረቀ በኋላ ሐረር የምትጠጣው ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በቧንቧ ሽቅብ የሚገፋ ውሃ ነው፤ ስለዚህ አቦ፣ የምትጠጣው የእኛን ኖራ ነው አለው። 10ኛው ያው ሐረሬ ተመልሶ መጣ። እሱ ያወራው ስለ አያቱ ዘመን ነው፤ ሐይቁም አሁን ውሃ መያዝ ጀምሯል ብሎ አፈገፈገ። ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ውይይቱ የባቄላ መሆኑ ቀርቶ ሐረርና ድሬ ሆነ። ያን ሁሉ አልጽፈውም፤ ታውቁታላችሁ።

11ኛው ባይመጣ ኖሮ እዚያው እንቀር ነበር። መጋላ ሰፈር ፉል ሲሸጡ የኖሩ ቤተሰቦች ልጅ ነው። 7ኛውም ልክ ነው፣ 6ኛዋም ልክ ናት ብሎ አስታረቃቸው። ሙቀቱ ያግዛል፤ ካልሲየሙ ግን የባቄላውን ልጣጭ ያጠነክራል፤ ሁለቱ ይታገላሉ። እኔ የሳትኩት ሦስተኛው ነገር ባቄላው ራሱ ነው አለ። በሙቅ ቦታ የከረመ ባቄላ ይደድራል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢደረግ አይበስልም። ስለዚህ አባቱ ቀፊራ ገበያ ሲገዙ ጆንያውን ዝቅ ብለው ያያሉ። ቀለሙ የጠቆረ፣ ልጣጩ የተጨማደደ ከሆነ ይተዉታል፤ በጥርሳቸውም አንዷን ሰበር ያደርጋሉ። ከዚያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ በውስጡ ጫፍ ያለች ቤኪንግ ሶዳ፣ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል። ሶዳው ከበዛ ፉሉ ሳሙና ሳሙና ይላል። ጠዋት ውሃው ይደፋል። አፉ ጠበብ ያለ ድስት፣ ከሰሉ አመድ የለበሰ፣ ክዳኑ የማይከፈት። ቲማቲምና ሎሚ ከበሰለ በኋላ ብቻ ነው የሚገባው፤ ኮምጣጣ ቀድሞ ከገባ ባቄላው ይዘጋል። የአባቱ ፉል ማታ ተጥዶ ለጠዋት ነበር የሚደርሰው።

12ኛዋ ስለ ጨው ጠየቀች፤ እናቷ ጨው ቀድሞ ከገባ አይበስልም ትላለች። መምህርቷ ተመልሳ፣ መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ የሚገባ ጨው እንዲያውም ልጣጩን ያለሰልሳል አለች። ፉል ሻጩ አልተቀበላትም። እኔ ሁለቱንም ሞከርኩ፤ መምህርቷ ልክ ናት።

እስካሁን ጨዋ ነበርን። 13ኛው ነው ያበላሸው። የሽንት ቤቱንና የበራዱን ነጭ ነገር በአንዴ የሚያስለቅቅ የእናቱን ሚስጥር ላካፍላችሁ ብሎ፣ በረኪና ከአቼቶ ጋር ቀላቅሉ አለ። በአንድ ባልዲ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ።

14ኛዋ ጮኸችበት። በስክሪን ላይ መጮህ ከተቻለ። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል አለች። መልሱን ያጥፋው፣ ካላጠፋ ለአስተዳዳሪዎቹ እናገራለሁ ብላ ጨረሰች። 15ኛው መልስ የዚያው የ13ኛው ነው። ነገሩን ትቶ እናቴን ሰደብሽ አለ። እናቱ ዕድሜ ልኳን ስትሠራበት ምንም አልሆነችም፤ የዘንድሮ ሰው ሁሉን ሳይንስ አደረገው ብሎ ተቆጣ። እናት አልተሰደበችም። እናት ዕድል ቀንቷት ሊሆን ይችላል፤ መስኮቱ ክፍት ነበር ይሆናል። ይህን ግን ላስምርበት፤ በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም። የድሬ ሰው ቅርፊት የሚያስለቅቀው በአሲድ ስለሆነ አደጋው እኛ ጋ ቅርብ ነው።

16ኛው ነርስ ነው፤ ሁለቱን ለማብረድ ገባ። ለማብረድ የመረጠው ርዕስ ግን ሌላ እሳት ነው። ምጣድ ያቃጠለው እጅ ላይ ኮልጌትም ሆነ ቅቤ መቀባት ይቅር አለ። የተቃጠለ ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይያዝ፤ በረዶ አይደረግበት። ወዲያው አንዱ፣ ድሬ ላይ ቀትር ላይ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ራሱ ያቃጥላል፣ የቱን ቀዝቃዛ ነው የምትለው አለው። እውነቱን ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ውሃ ከሰባት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ለሻሂ ትንሽ ነው የሚቀረው። ነርሱ፣ ጓዳ ካለው ጀሪካን ወይም እንስራ በጆግ እየቀዳችሁ አፍስሱ ብሎ መለሰ።

17ኛውና 18ኛው ከርዕስ ወጡ። አንድ ከመሀል አገር የመጣ ተሳታፊ፣ ፉል ሻጩ መምህርቷን አንቺ ማለቱን ነቀፈ። ድሬዎች ሳቁበት። እዚህ ልጅ አዛውንቱን አንተ ይላል፤ ሽማግሌውም አይቀየምም። መምህርቷ ራሷ፣ አንቱ ካላችሁኝ አረጀሁ ማለት ነው ብላ ዘጋችው። እኔም መጀመሪያ ስመጣ አማቴን አንቺ ማለት ከብዶኝ ነበር፤ አሁን ደብረ ብርሃን ሄጄ እንዳይወጣኝ ነው የምፈራው።

19ኛው ወደ ውሃ መለሰን። ሳቢያን የሚኖር ሰው ነው። አባቱ ፍሪጅ ገዝተው እንኳ የሚጠጡት ከእንስራ ነበር። ሸክላ ውሃውን በቀዳዳዎቹ ያላብበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ይህ እዚህ ከደጋው ይበልጥ ይሠራል። እንስራው ጥላ ይፈልጋል፤ ነፋስም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቦታው በር አጠገብ ነው። አንድ ጥሩ ነገር ጨመረ። ከጊዜ በኋላ እንስራው ማላብ ያቆማል፤ ኖራው ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ነው። አባቱ ባዶ አድርገው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ውጩን በሻካራ ድንጋይ ይፈትጉት ነበር። እንስራ የሌለው ጀሪካኑን እርጥብ ጆንያ ያልብሰው። ይህ መላ ደብረ ብርሃን ለማንም አያስፈልግም፤ እዚያ ውሃ ማሞቅ ነው ችግሩ።

20ኛዋ ደስ አላላትም። እንስራና በርሜል ያለ ክዳን ማስቀመጥ ትንኝ ማርባት ነው አለች። ድሬ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ያየች ከተማ ናት። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ትራባለች፤ የምትነክሰውም ቀን ነው፤ ስለዚህ አጎበሩ ብቻ አያድንም። እናቷ የበርሜሉን አፍ በነጠላ ያስሩት ነበር፤ እሷ አሁን በጥሩ ወንፊት ታስረዋለች። በሳምንት አንዴ በርሜሉን ደፍቶ ጎኑን መፈተግም አለበት፤ እንቁላሉ ውሃው በነካው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራልና። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰፈር መድፋቱ እንደሚያም አውቃለሁ። ልብስ በሚታጠብበት ቀን ማድረግ ነው።

21ኛው አጭር ነው፤ እህል ውስጥ ጥላ ላይ የደረቀ የኒም ቅጠል ከተጨመረ ነቀዝ አይደርስም። የኒም ዛፍ ድሬ ላይ በየደጁ ነው፤ ወጪ የለውም።

22ኛዋ ስለ ሳሙናው የመጨረሻውን ተናገረች። አያቷ ከደጋ እንዶድ አስመጥተው ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡት በእሱ ነበር። እንዶድ እንደ ሳሙና ካልሲየም አያሸንፈውም፤ በድሬም ውሃ አረፋ ይሰጣል፤ ነጩን ልብስም አያደክምም። በዚህ ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማን አነሳች። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከወንዙ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፣ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። የአጣቢዎቹን መላ የሚያይ ዓይን ተገኘ ማለት ነው። እንዶድ አይጠጣም፣ ልጆች ከሚደርሱበት ይራቅ ብላም አሳሰበች። ድሬ የት እንደሚሸጥ የጠየቀ ነበር፤ እስካሁን የመለሰለት የለም።

23ኛውን ሳነብ ውይይቱ ዝም ያለ መሰለኝ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ነው። የእናቱ ምክር የጓዳ አልነበረም። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል፣ ተራራው ላይ ሰማዩ ከጠቆረ፣ ደረቁ ወንዝ ሌሊት ሊመጣ ይችላልና አሸዋው ዳር አትተኙ ይሉ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጎርፉ የመጣው እንዲሁ ሌሊት ነው፤ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እናቱ ከዚያ ወዲህ የልደት ሰርተፍኬትና የቤት ካርታ በላስቲክ ጠቅልለው ከቁም ሳጥን በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ነው የሚያስቀምጡት። 24ኛው፣ ይህ ከባቄላ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ጠየቀና ከሦስት አቅጣጫ ተወቀሰ። እኔም ከወቃሾቹ ነኝ። ርዕሱ ወላጅ ለቤቱ የሰጠው ምክር ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

25ኛው የበርጫ ሰዓት መልስ ነው፤ ረጅም ነው፣ ስለ ሁሉም ነገር ነው፣ መጨረሻውን አላገኘሁትም።

26ኛዋ ጠይቃ መልስ ያላገኘችው አለ፤ እኔ ልመልስ። የ5ኛው የሎሚ መላ ለአልሙኒየም በራድም ይሆናል ወይ ነው ያለችው። ይሆናል፤ ግን አይደርም። አሲድ አልሙኒየሙን ራሱን ይበላዋል። የሎሚውን ውሃ አፍልቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ መድፋት፣ የቀረውን በእንጨት ማንኪያ ጫፍ መፋቅ፤ ካልለቀቀ በሌላ ቀን መድገም። ከዚያ በኋላ አንዴ ባዶ ውሃ አፍልቶ ደፍቶ ሻሂውን መጣድ ነው። ቀለም የተቀባውና አይዝጌው ግን ቢያድርም ግድ የለም።